የአሞራ መንገድ

ዋርሳዬን አፈወርቅን እጠላዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ነገሬን ሰምቶ ሲጨርስ «ታዲያ ታረቃችሁ?» እንዳይለኝ ነው። አልታረቅንም።

ጠባችን ከቅዱስ ሚካኤል በታች ባለው ማሳ ነው። ተዳፋት ላይ ስለሆነ ውርጭ አያድርበትም። መንዝ ላይ ውርጭ የማያድርበት መሬት ያለው ሰው ጌታ ነው። ላይኛው ማሳችን ግን ብዙውን ዓመት ገብሱ ሊያፈራ ሲል እየነጣ ይቀራል፣ እኛም ገለባውን ለበግ ሰጥተን እንገባለን። የታችኛው ማሳ የአማቴ የአባባ ገብረ ክርስቶስ ነበር። ነፍሳቸው ስትወጣ አጠገባቸው የነበረው የእኔ ባል አባይነህ ብቻ ነው። «አባቴ አፉ ሳይያዝ፣ የታችኛው ማሳ ያንተ ነው ብሎኛል» አለ። ታላቅ ወንድሙ አፈወርቅ ያን ሰሞን በሬ ሊሸጥ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበርና ለቀብሩ ብቻ ነው የደረሰ። እሱም «ማሳውንስ ገና በደህናው ቀን ለእኔ ሰጥቶኛል» ይላል። ሁለቱም ምስክር የላቸውም። መሬቱ በሟቹ ስም እንደተመዘገበ ቀረ።

አባይነህ ቀድሞ በሬ አገባበት። እኔም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አርሜ፣ አጭጄ፣ ወቅቼ ልጄን ትርሲትን ያሳደግሁት በዚያ ማሳ ነው። በኋላ አባይነህ ሥራ ፍለጋ ብሎ አገር ጥሎ ሄደና ጂንካ፣ እዚያ አገሩ ጫፍ ላይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ሆነ። እሱ እግሩን ሲያነሳ አፈወርቅ ነገሩን እንደ አዲስ ቀሰቀሰው። ወንድ በሌለበት ቤት ላይ ነገር ማንሳት ይቀላል። እኔ በበኩሌ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ዘሩን ከጎተራዬ እያወጣሁ ማዘራቴን አላቆምሁም። ዘንድሮ ገብሱ አምሮ ደርሶ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ማጭድ ይግባበት ሲባል፣ አፈወርቅ ሽማግሌ አስቀመጠ። ሳይታጨድ ይለይልኝ አለ።

ማክሰኞ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ፀሐይ ጥግ ተቀመጥን። ሽማግሎቹ ሦስት ናቸው። አለቃቸው የደብራችን ቄስ አባ መልከ ጼዴቅ ነበሩ፤ ቀጥሎ አቶ ታዲዮስ፣ ሦስተኛው የአፈወርቅ የክርስትና አባት። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ የበግ ፀጉር እየፈተልሁ ተቀመጥሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ ይቀድመኛል።

ፍርዱ ብዙ አላከራከረም። ምስክር የሌለው የመሬት ጠብ በእኛ ቀዬ የሚያልቀው በጓል ነው። መሬቱ የእኔ ነው ባዩ ከማሳው አንድ ጓል አንስቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣና የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ነክቶ ይምላል። በሐሰት የማለ እንደሆነ ያ ጓል እስከ ልጅ ልጁ ይከብዳል ይባላል። ፍርድ ቤት ቆሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ሰው አይቻለሁ፤ ጓል ተሸክሞ የሚዋሽ ግን አላየሁም። «አባይነህ ይምጣና ይማል። ከማለ ማሳው የእሱ ነው፤ ካልማለ የአፈወርቅ» አሉ አባ። እኔም እሺ አልሁ። ባሌ እውነተኛ ስለሆነ ምን አስፈራኝ?

«እስከ መቼ ይምጣ?» አሉ አባ መልከ ጼዴቅ።

«እስከ ነገ ማታ» አለ አፈወርቅ።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ጂንካ የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ባሌ የሄደ ጊዜ አዲስ አበባ አድሮ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ መንገድ ላይ አድሮ፣ ደረስሁ ብሎ እስኪደውልልኝ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

«ነገ ማታ? በምን ነው የሚመጣው? በክንፉ?» አልሁ።

«በአይሮፕላን» አለና ከበርኖሱ ውስጥ ስልኩን አወጣ።

አፈወርቅ ድሮ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ከቀበሌው ቢወጣም የጸሐፊ ኩራቱ አልወጣለትም። እንግሊዝኛውንም ቢሆን እየተንተባተበ ያነባል። ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ጮክ ብሎ አነበበው። «ከጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ርቀቱ ስድስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። የበረራው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ከኮምቦልቻ ወዲህ በመኪና ነው፤ ጠዋት ከተነሳ ማታ እዚህ ነው።»

ሽማግሎቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት። ሁለት ነጥብ አለ፣ በመካከላቸውም ቀጥ ያለ መስመር።

«አንድ ሰዓት ከሃያ?» አሉ አቶ ታዲዮስ። «እኔ ከዚህ ተነስቼ ዘመሮ ገበያ ስደርስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። ጂንካ ጎረቤት ሆናለች ማለት ነው።»

«ደግሞም የሚሠራው እዚያው አይሮፕላኑ ቤት ነው» አሉ የክርስትና አባቱ። «የመኪና ረዳት ከፍሎ ይሳፈራል እንዴ? ጠባቂያቸው ነው። ጫኑኝ ቢል ማን እምቢ ይለዋል?»

ሦስቱም ይህን አምነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አይፈረድባቸውም፤ አይሮፕላን ሲያልፍ እንጂ ሲሳፈሩበት አላዩም፣ ስለዚህ በሚያውቁት በአይሱዙ ለኩት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«እሱ የሚቆመው አጥሩ በር ላይ ነው» አልሁ። «አይሮፕላኑን የሚያየው እናንተ ከዚህ እንደምታዩት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል አልሰማችሁም?»

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለ አፈወርቅ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሎቹ ነበር የሚያየው። «መምጣት የፈለገ ይመጣል። እስከ ነገ ማታ ያልመጣ እንደሆነ ግን ራቀበት፣ አልደረሰም ተብሎ ማሳው ለእኔ ይወሰንልኝ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ገብሱም ቆሞ እየረገፈ ነው።»

«አንተ ሌባ!» አልሁት።

ታላቅ ዋርሳን አንተ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም እስከዚያ ዕለት ድረስ፣ ስጠላውም ቢሆን፣ እርስዎ እያልሁ ነበር የምጠላው። አቶ ታዲዮስ አማተቡ።

«አፍሽን ሰብስቢ፣ ደብሪቱ» አሉ አባ። «ታላቅሽ ነው።»

«እሺ አባ፣ ሰበሰብሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። ይህ አይሮፕላን ከጂንካ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ሽማግሎቹ ወደ አፈወርቅ ዞሩ፤ እኔም ቀጠልሁ።

«የመሐል ሜዳ አውቶቡስ እንኳ የሚነሳበት ሰዓት አለው። ያመለጠው ያድራል። ይህኛው መቼ ይነሳል? በየትኛው ቀን ይመላለሳል? ትኬቱንስ ማን ነው የሚቆርጠው? ይንገረንና፣ እኔም ለባሌ ልደውልለት።»

አፈወርቅ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አለው። የፈለገ መሰለ፤ ያገኘው ነገር ግን አልነበረም። «መነሻውን አይልም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያ ምኑን ነው የለካው?» አሉ አባ።

«በቀጥታ ቢበር የሚፈጀውን ነው።»

«ቢበር?»

«አዎ፣ ቢበር።»

አባ መልከ ጼዴቅ ጢማቸውን ይዘው ወደ ሰማይ አዩና ሳቃቸው መጣ። «ይህማ የአሞራ መንገድ ነው» አሉ። «አባይነህ ደግሞ አሞራ አይደለም። ሰው ነው፣ በሰው መንገድ ይምጣ። እስከ እሑድ ቀን ሰጥተነዋል። ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ደጅ ይምላል።» ሌሎቹም አብረዋቸው ሳቁ። የአፈወርቅ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልሁት እኔም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሲዋረድ ደስ መሰኘት ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። እስከ እሑድ ሁለት ቦታ አድሮም፣ ሦስት ቦታ አድሮም ይደርሳል። መንገዱም ያን ሳምንት ሰላም ነበር፤ መኪናው ያለ ሥጋት ይወጣል ይወርዳል።

የምፈትለውን የበግ ፀጉር ጠቅልዬ ስነሳ አፈወርቅ ከቅጥሩ ጥግ ጠበቀኝ።

«ደብሪቱ፣ ነገ ማታ ይሻልሽ ነበር» አለኝ።

«ለአንተ ነው እንጂ የሚሻለው።»

«እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ» አለ።

ፊቱን እንኳ ሳላይ ምራቄን እንትፍ ብዬ አለፍሁ። የተሸነፈ ሰው ዛቻ ነው ብዬ ነበር።

ስልክ የሚሠራው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በዚያው ማክሰኞ ወጥቼ ለአባይነህ ደወልሁለት። አፈወርቅን እንዴት እንዳዋረድሁት፣ ሽማግሎቹ እንዴት እንደሳቁ፣ ቀን እንዴት እንዳስጨመርሁለት አንድ በአንድ ነገርሁት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። «ጥሩ ነው» አለ ብቻ። ረቡዕ ስደውል አለቃዬ ፈቃድ አልሰጠኝም አለ። ሐሙስ ፈቃዱን አገኘ፤ ነገር ግን የማለዳው አውቶቡስ አመለጠው። ዓርብ ጠዋት ስልኩ ዝግ ነበር፣ ከሰዓት ተከፈተ፤ ሆዴን አሞኝ ነው አለ። እኔ ሞኟ ያን ሁሉ እየሰማሁ ሚካኤልን «መንገዱን ጥረግለት» እያልሁ ስለምን ከረምሁ። ጓዳዬን ጠራርጌ፣ ጠላ ጠምቄ፣ የሚለብሰውን ባና ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደወልሁ። ቢነሳ እንኳ እንደማይደርስ አውቄዋለሁ፤ ግን ምን እንደሚል ልስማው አልሁ።

«አንቺው ማይልኝ» አለ።

«ምን?»

«ባልና ሚስት አንድ አካል ነው። ሽማግሎቹ እምቢ አይሉሽም። ጓሉን ተሸከሚና ለባሌ ሰጥተውታል ብለሽ ደጁን ንኪ። አለቀ ደቀቀ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅሁትን ያኔ ጠየቅሁት። ከዚያ በፊት ለምን አልጠየቅሽም ብባል መልስ የለኝም፤ ሚስት ባሏን እንዲህ ያለ ነገር የምትጠይቀው ሲጨንቃት ነው።

«አባይነህ፣ አባባ ማሳውን ሰጥተውሃል?»

ዝም አለ።

«አፋቸውን ከፍተው ያንተ ነው ብለውሃል ወይስ አላሉህም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ድምፅሽ ይቆራረጣል» አለ።

የእሱ ድምፅ ለእኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከኋላው ሰዎች ሲሳሳቁ፣ ጠርሙስ ሲከፈት ሳይቀር ይሰማኛል። «ሀሎ? ሀሎ?» አለና ዘጋው። ደግሜ ስደውል አላነሳም።

ተቃጠልሁ። መጀመሪያ ያሰብሁት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እውነት አልነበረም። ስለ ትርሲት ነበር ያሰብሁት። ማሳው ከሄደ የቀረን የላይኛው፣ የውርጩ መሬት ነው። በእሱ ላይ አንዲት ሴት ከነልጇ ምን በልታ እንደምትከርም አስቤ አስቤ አጣሁት። ደግሞ ለአፈወርቅ መንበርከክ! ሰው ፊት ያሳቅሁበትን ሰው፣ እንካ ማሳህን ማለት! ከዚያስ ጓሉ ቢከብደኝ ይሻላል አልሁ። ብዙ ሰው ምሎ ኖሯል ብዬ ራሴን አበረታሁ። አልማልሁም ብል ውሸት ነው፤ በልቤ ቅዳሜ ዕለት ምዬ ጨርሼ ነበር።

እሑድ ገና ቅዳሴ ሳይገባ ወደ ማሳው ወረድሁ። ገብሱ ወርቅ መስሎ ቆሟል። ከዳር ላይ ራስ የሚያህል ጓል ፈንቅዬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ወጣሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ሕዝቡ ሲወጣ ጓሉን አየና መንገድ ለቀቀልኝ። አፈወርቅም ከሽማግሎቹ ጋር መጣ። ባሌን በዓይኑ አልፈለገውም። ሌላው ሁሉ አንገቱን ወደ መንገዱ ሲያሰግግ እሱ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

«አባይነህስ?» አሉ አባ መልከ ጼዴቅ።

«አልመጣም። እኔ እምልለታለሁ።»

አጉረመረሙ። የክርስትና አባቱ ይህ አይሆንም ሊሉ ሲሉ አፈወርቅ ክንዳቸውን ያዘ። «ይተዋት» አለ። «ልትምል ከፈለገች ትማል።»

አባ ቀረብ አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት። «ልጄ፣ የምታውቂውን ከሆነ ደጁ ይኸውልሽ። የማታውቂውን ከሆነ ግን አትማይ።»

ወደ ደጁ ሄድሁ። እጄን አነሳሁና እንጨቱን ነካሁት፤ ብርዱ እስከ ክንዴ ተሰማኝ። «አባባ ገብረ ክርስቶስ ይህን ማሳ» አልሁና ቀጣዩ ቃል እምቢ አለኝ። የማውቀው ነገር ምንድን ነው? አባባን በመጨረሻ ሰዓታቸው አላየኋቸውም። ያየሁት፣ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሌን ትናንት ጠይቄው ዝም ብሏል። ያንን ነገር አውቀዋለሁ፣ ያንን ብምልበት ምንም አይከብደኝም። እሱ ፈርቶ የሸሸውን ጓል በእኔ ትከሻና በልጄ ትከሻ ላይ ሊያኖረው ነበር፣ እሱ ጂንካ ቁጭ ብሎ ጠርሙስ እያስከፈተ።

ዞር አልሁና ጓሉን ተሸክሜ አፈወርቅ ፊት ሄድሁ። እግሩ ሥር አስቀመጥሁት፤ ልወረውርበት ፈልጌ ነበር፣ ግን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።

«ይኸው ማሳህ» አልሁት።

አባ ከሌሎቹ ጋር ጥቂት ተነጋገሩና ማሳው የአፈወርቅ፣ የቆመው ገብስ ግን ዘሩን ያወጣችው የደብሪቱ ነው ብለው ወሰኑ። አንዷ ጎረቤቴ ልታጽናናኝ ቀረብ ብላ «መኪና አጥቶ ይሆናል» አለችኝ። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ግን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «መሐላ ፈርቶ ነው እንጂ፣ ቀንማ ተሰጥቶት ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ይህ ቃል በዚያው ጠዋት ዘመሮም መሐል ሜዳም ሳይደርስ አልቀረም።

ወደ ቤቴ ስወርድ አፈወርቅ ከኋላዬ ደረሰብኝ። እጄ ባዶ ነበር እንጂ ያን ጊዜ አንድ ነገር ባደረግሁት።

«አይሮፕላን እንደሌለ የማላውቅ መሰለሽ?» አለኝ።

ቆምሁ።

«ከጂንካ የሚነሳው ሁሉ ቦሌ ነው የሚያርፈው። ይህ የጠፋኝ መሰለሽ? ረቡዕ ማታ ቢያልቅ ኖሮ አገሩ ሁሉ ‹ጂንካ ሩቅ ነው፣ ምን ያድርግ፣ አልደረሰም› ብሎ ይተወው ነበር። እኔም ማሳዬን እወስዳለሁ፣ የወንድሜም ስም አይነሳም። የአባቴ ልጅ በሐሰት ሊምል ነበር፣ ፈርቶ ቀረ አይባልም ነበር። አንቺ ነሽ ቀን የለመንሽለት። አንቺ ነሽ በሰው መንገድ ይምጣ ያሰኘሽው።»

«ለእኔ አዝነህ ነው እንግዲህ» አልሁት፣ ልወጋው ብዬ።

«ለአንቺ?» አለ። «አንቺማ ስድስት ዓመት የአባቴን ገብስ በልተሽ ሌባ ያልሽኝ ሴት ነሽ። ለአንቺ ምን ብዬ አዝናለሁ?»

ጥሎኝ ሄደ። እውነቱ ከእሱ ጋር ሆኖ በመገኘቱ ደግሞ ከቀድሞውም ይበልጥ ጠላሁት።

ሰኞ ማለዳ ማጭዴን ስዬ ወደ ማሳው ልወርድ ስል ትርሲት ከጉብታው ላይ ሆና አባቴ ደወለ ብላ ተጣራች። ወጣሁና ስልኩን ተቀበልኋት፤ እሷንም በጎቹን እንድታይ ላክኋት።

«እህ፣ ማልሽልኝ?» አለ አባይነህ። ድምፁ ደህና ነበር፤ ሆዱም የተሻለው ይመስላል።

«አልማልሁም።»

«ምነው? ምን ሆንሽ? ማሳውን ሰጠሽው?»

«አሁን ግን እምላለሁ፣ ስማኝ» አልሁት። ከጉብታው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ፊቴን ወደዚያ አዞርሁ። «ቅዱስ ሚካኤልን፣ ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም።»

አንድ ነገር ሊል ጀመረ፤ አልሰማሁትም። ስልኩን ዘግቼ ማጭዴን አነሳሁና ገብሴን ላጭድ ወረድሁ።